ጾመኛው በኮሪያውያን ገበታ

በልደታ ለወላጆችና ለትምህርት ወደ ደቡብ ኮሪያ ለሚሄዱ ወጣቶች የተደረገ ንግግር



ወደ ኮሪያ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ስለ ምግቡ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «እነሱም እንደኛ አብረው ነው የሚበሉት፣ በርበሬም ይወዳሉ፣ ምን ችግር አለ?» እውነት ነው፤ አብረው ይበላሉ፣ በርበሬም ይወዳሉ። ሌላ አገር ሄዶ ሰው ሁሉ የየራሱን ሳህን አቅፎ ሲበላ ሲያይ የሚከፋው ልጅ ሴኡል ሲደርስ ደስ ይለዋል። ዛሬ ማታ ልነግራችሁ የመጣሁት ከዚያ ደስታ ስለሚመጣው ጣጣ ነው። እንግዳ ነገር የገጠመው ሰው ይጠነቀቃል፣ ይጠይቃል፤ የሚያውቀው የመሰለው ግን ሳይጠይቅ እጁን ይሰድዳል።

ከገበታው ልጀምር። እኛ ዘንድ የጋራ የሆነው እንጀራው ራሱ ነው። ወጡ መሐል ላይ ይወጣል፣ ድንበሩን የሚያስከብረው ምግባር ብቻ ነው፤ «ከፊትህ ብላ» ሳይባል ያደገ ልጅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ኮሪያውያን ዘንድ ድንበሩ በዕቃ ተለይቷል። ሩዝና ሾርባ የግል ነው፤ ሩዙ በግራ፣ ሾርባው በቀኝ፣ ከጎኑ ማንኪያና የብረት ቾፕስቲክ። የጋራው ባንቻን የሚሉት ነው፦ ኪምቺው፣ የተቀቀለው ቅጠላ ቅጠል፣ የአኩሪ አተር ቡቃያው፣ የተጠበሰው ዓሣ በትንንሽ ሳህን መሐል ላይ ይደረደራል፤ ሁሉም ከዚያ እያነሣ ከራሱ ሩዝ ጋር ይበላል። ምግብ ቤት ስትገቡ ባንቻን ቢያልቅ ይጨመርላችኋል፣ ዋጋም አይጠየቅበትም። ወጥ በድስቱ ሲቀርብም ድሮ ሁሉም ማንኪያውን እየነከረ ይበላ ነበር፤ አሁን አሁን፣ በተለይ ከኮቪድ ወዲህ፣ ጭልፋና ትርፍ ሳህን ማቅረብ እየተለመደ ነው።

ደንቡ አይከብድም። በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ማንኪያ ሳያነሣ አትጀምሩ። እሱ እየበላ ጨርሳችሁ አትነሡ። የጋራውን ሳህን እየገለባበጣችሁ ደህና ቁራጭ አትፈልጉ። ቾፕስቲካችሁን ሩዝ ላይ አታቁሙት፤ እንደዚያ የሚቆመው ለሙታን በሚቀርብ ምግብ ላይ ነው። መጠጥ ለራሳችሁ አትቅዱ፣ ለጎረቤታችሁ ቅዱ፤ ታላቅ ሲቀዳላችሁ በሁለት እጅ ያዙ። ይህን ሁሉ ከእናቶቻችሁ ቤት ይዛችሁት ትሄዳላችሁና አላሰለቻችሁም። ፊትን ከታላቅ ሰው መለስ አድርጎ የመጠጣት ደንባቸውንም የጎንደርም የሸዋም ባላገር ሳያስረዱት ይገባዋል።

ጉርሻ ላይ ግን ልቁም፤ ብዙ ልጆች የሚደናገሩት እዚህ ነው። ኮሪያውያን ሥጋ ጠብሰው ሲበሉ ምድጃው ጠረጴዛው መሐል ላይ ነው። አንዱ መቆንጠጫና መቀስ ይዞ እያገላበጠ ይቆርጣል (መቀስ ምግብ ላይ ስታዩ አትሳቁ፣ ቢላዋ ከሚሠራው በላይ ይሠራል)። የበሰለውን በሰላጣ ቅጠል ላይ አድርገው፣ ነጭ ሽንኩርትና ድልህ ጨምረው፣ ጠቅልለው በአንድ ጊዜ ይጎርሱታል። አንዳንዴም ያንን ጥቅል ሰው አፍ ውስጥ ያደርጉታል። የኛ ልጅ ይህን ሲያይ «አገሬ ገባሁ» ይልና ጠቅልሎ ወደ ፕሮፌሰሩ አፍ ይዞ ይሄዳል። ተው! እኛ ዘንድ ጉርሻ ለፍቅርም ለአክብሮትም ነው፤ ባለቤት እንግዳውን ያጎርሳል፣ ታናሽም ታላቁን ቢያጎርስ ነውር የለበትም። እነሱ ዘንድ እስከ አፍ የሚሄደው እጅ የእናት፣ የፍቅረኛ ወይም የልብ ወዳጅ እጅ ነው። ታላቅ ሰው እናንተን ሊያከብር ሲፈልግ ከዓሣው ደህናውን ቁራጭ አንሥቶ ሩዛችሁ ላይ ያስቀምጣል። የእነሱ ጉርሻ ያ ነው። «በሞቴ» የለበት፣ «አፈር ስሆን» የለበት፤ ድምፅ ሳያሰማ ስለሚመጣ ያመልጣችኋል። ያስቀመጡላችሁን ወደ ዳር ገፍታችሁ ሌላውን ብትበሉ ሰውየው ምንም አይልም፤ ግን አይቷል።

ከእናንተ በፊት በብዛት ወደዚያ የተሻገሩት ኢትዮጵያውያን የኮሪያ ጦርነት ዘማቾች ነበሩ፤ የያዙትም ጠመንጃ ነበር። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ተነሥቶ ወሩ ሊያልቅ ሲል ፑሳን ወደብ ደረሰ፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥርም ተዋጋ። በየተራ ከሄዱት ውስጥ ከ120 በላይ ሞተዋል፣ አንድም ሰው አልተማረከም። ይህን ታውቁታላችሁ። ብዙ የማይወራው፣ ከሴኡል በስተሰሜን ባለችው በዶንግዱቾን ወላጆቻቸውን ጦርነት ለነጠቃቸው ሕፃናት ማሳደጊያ ማቋቋማቸውና ካላቸው እያካፈሉ ማብላታቸው ነው። በቹንቾን ከተማ የቆመው መታሰቢያቸው በ1960 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ተመረቀ፤ አጠገቡ የተከፈተው «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባለው ቡና ቤት እስከ ዛሬ ቡና ያፈላል። በዕድሜ የገፉ ኮሪያውያን አገራችሁን ሲሰሙ ሳህናችሁ ላይ ሲደርቡላችሁ ታያላችሁ። ተቀበሉ፤ ግን በእናንተ መልካምነት የመጣ አድርጋችሁ አትቁጠሩት፤ ሌሎች ያተረፉላችሁ ነው።

ከዚያው ከዶንግዱቾን አካባቢ፣ ከዊጆንግቡ፣ አንድ ወጥ ወጥቷል፤ ቡዴ ጂጌ ይባላል። ከጦርነቱ በኋላ የተራበው ሕዝብ ከአሜሪካውያን የጦር ሰፈር የሚወጣውን የቆርቆሮ ሥጋና ቋሊማ ከኪምቺና ከበርበሬ ጋር ቀቅሎ ነፍሱን ያቆየበት ምግብ ነው። ዛሬ ተማሪዎች በአንድ ድስት ዙሪያ ተሰብስበው የሚበሉት ርካሽ ምሳ ሆኗል፤ እናንተም በመጀመሪያው ወር ውስጥ መጋበዛችሁ አይቀርም። ቀይ ነው፣ ይፋጃል፣ ሽታው ሆድ ይከፍታል። ውስጡ ያለው ግን በአብዛኛው የአሳማ ሥጋ ነው። የዛሬው ንግግሬ እምብርት እዚህ ላይ ነው፤ እኛን ከኮሪያውያን ጋር የሚያራርቀን የመካፈል ልማድ አይደለም፣ የምንበላውና የማንበላው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መቼ እንደምንበላው ነው።

ልደታ ላይ ቆሜ ግንቦት 1ን ሳላነሣ ባልፍ እናቶች ይታዘቡኛል። በልደታ ዕለት ሰፈርተኛው ገንዘብ ያዋጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዳቦ ይደፋል፣ ቡና ይፈላል፣ የደላው ሰፈር በግ ያርዳል፤ ሁሉም ደጅ ላይ ነው። እመቤታችን የተወለደችው ወላጆቿ ኢያቄምና ሐና ወደ ሊባኖስ ተራራ ወጥተው ሳሉ ነው ስለሚባል ቤት ውስጥ አይበላም፤ ንፍሮውም ከዚያው ታሪክ ጋር ይያያዛል። በዚያ ቀን ጎረቤቱን ያልጠራ የለም፣ የተጣላም ይታረቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ፋሲካ ምንም ቢዘገይ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። ስለዚህ ግንቦት 1 በየትኛውም ዓመት በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ይውላል፤ ረቡዕም ቢሆን ዓርብም ቢሆን አይጾምም። ከጎረቤቶቹ መካከል «እኔ እንኳ ጾም ነኝ» ብላ ዳር የምትቀመጥ ሴት አትኖርም። መብላቱንና መጾሙን ቀን መቁጠሪያችን አስቀድሞ አስታርቆልናል፤ ስላስታረቀልንም አይታየንም።

የኮሪያውያን ትልቁ የምግብ መካፈያ ወቅት ኪምጃንግ ነው፤ ለክረምት የሚሆነው ኪምቺ በአንድ ላይ የሚዘጋጅበት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል መዝግቦታል፤ የኛ የመስቀል በዓል የተመዘገበውም በዚያው ጉባኤ ላይ ነው። ኪምጃንግ የሚውለው ብርዱ ሲጀምር፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር ማብቂያና ዲሴምበር መግቢያ ላይ ነው። አሁን በኛ አቆጣጠር አስሉት። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ጎረቤት ሁሉ ተጠራርቶ በሚበላበት በዚያ ሳምንት ኢትዮጵያዊው ጾም ከገባ ገና ቀናት ናቸው።

እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ። ኮሪያ ሳለሁ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት አሮጊት ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሃልሞኒ ይላቸዋል፣ እኛ እማማ እንደምንለው። ረጅሙ የኮሪያ ጎመን ለሁለት ለሁለት ተሰንጥቆ ከዋዜማው ጀምሮ በጨው ተነክሯል። ጠዋት ታጥቦ እየተንጠፈጠፈ ነው። ግቢው ውስጥ ሕፃን የሚታጠብበትን የሚያህል ቀይ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀምጧል፤ በውስጡ እንደ ክር የተከተፈ ነጭ ሥር፣ የበርበሬ ዱቄት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የሽንኩርት ቅጠል አለ። ጎረቤቶቹ ሮዝ የላስቲክ ጓንት አጥልቀው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሥራው ጎመኑን ቅጠል በቅጠል እየገለጡ ድልሁን መቀባት ነው፤ ሲያልቅ በውጭኛው ቅጠል ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይገባል። አንዱ ሣጥን ሴኡል ላለው ልጃቸው፣ አንዱ ለእኅታቸው፣ አንዱ ፎቅ ላይ ለሚኖረው ተከራይ። ወሬው፣ ሐሜቱ፣ ሳቁ እኛ በርበሬ ስንቀነጥስ ከሚሆነው አይለይም።

ቅድም የነገርኳችሁ የጉርሻ ደንብ የሚላላው በዚህ ቀን ነው። የሁሉም እጅ በድልህ ተነክሯል፣ ሌላ ዕቃ የሚነካበት የለም። ስለዚህ አንዷ የጎመኑን እምብርት፣ ቢጫውን ለጋ ቅጠል፣ ድልህ ጠቅልላበት በአጠገቧ ያለው ሰው አፍ ውስጥ ታደርገዋለች። «ጨው በቃው?» ብላ ትጠይቃለች። ድልሁ ውስጥ ግን ጨው ውስጥ የቆየ ትንንሽ ሽሪምፕ አለ። ኪምቺ አትክልት ነው ብሎ የሚያስብ ጾመኛ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ኪምቺ ግን በዚህ ሽሪምፕ ወይም በጨው በታሸ ዓሣ ነው የሚበስለው። ከቤት ውስጥ ደግሞ የሚቀቀል የአሳማ ሥጋ ይሸታል፤ ሥራው ሲያልቅ አዲሱን ኪምቺ ከሱ ጋር መብላት የወጉ መዝጊያ ነው።

እኔ ከቀናት በፊት ነግሬያቸው ነበር። እሳቸውም ሽሪምፑ ሳይጨመር ከድልሁ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ቀንሰው በጨው ብቻ አዘጋጁልኝ። «ዓሣም አይሆንም? እንቁላልም? እስከ መቼ?» ብለው ጠየቁኝ፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ስላቸው ጎረቤቶቹ ሁሉ ሥራ አቁመው አዩኝ። ከዚያ አንዷ ከኔ ሳህን ጠቅልላ አጎረሰችኝ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ። አሳማው ሲመጣ ከገበታው አልተነሣሁም፤ ሩዝና የኔን ኪምቺ እየበላሁ ተቀመጥኩ። ማንም አልተቀየመም። የጎመኑን ሣጥን ሁሉ ወደ መኪና የተሸከምኩት እኔ ነበርኩና «አልበላም አለ» የሚል ወሬ ሊነሣም አይችልም ነበር።

አሁን ሌላውን ልጅ አስቡት፤ እውነቱን ለመናገር የሚበዛው እሱ ነው። ጾም ሲገባ ያፍራል። ማስረዳቱ ይሰለቸዋል። ግብዣ ሲመጣ «ሥራ አለብኝ» ይላል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ይጠፋል፣ ማታ ዶርም ውስጥ በሩን ዘግቶ ምስሩን ይቀቅላል። ጓደኞቹ ጾሙን አያውቁም፤ የሚያዩት አብሯቸው መብላት የማይፈልግ ሰው ነው። አብረው የሚሠሩ ሰዎች አብረው በሚበሉበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የጥናት ቡድኑ ወሬ፣ ማን የትኛውን ሥራ እንደሚይዝ፣ ማን በየትኛው ስብሰባ ላይ እንደሚቀርብ አብዛኛው የሚወሰነው ምሳ ላይ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ልጁ «ኮሪያውያን አያቀርቡም» ብሎ ለቤተሰቡ ይደውላል። እኔ ጥፋቱ የጾሙ ነው አልልም፤ የዝምታው ነው።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ምግቡ ከቀረበ በኋላ ሳይሆን ገና ሲጋብዟችሁ። ቢቢምባፕ ያለ ሥጋና ያለ እንቁላል ይሠራላችኋል፤ ሾርባው ግን በምን እንደተሠራ ጠይቁ፣ የደረቀ ዓሣ ወይም የከብት አጥንት የተቀቀለበት ሊሆን ይችላል። የቡዲስት ገዳማት ምግብ ሥጋም ዓሣም የለበትም፤ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይነኩም፣ እኛ ከምንጾመው አልፈው ሄደዋል ማለት ነው። በቹሶክ፣ በመከር በዓላቸው፣ በጥድ ቅጠል ላይ በእንፋሎት የሚበስለው ሶንግፕዮን የሩዝ ቂጣ ነው፣ ውስጡም አብዛኛውን ጊዜ ሰሊጥ ወይም ባቄላ ነው፤ ቀኑም ለመስቀል ይቀራረባል፤ በደስታ ብሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እኔ አልፈርድም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ እዚያ ገበታ ላይ ሆኖ መወሰን አይቻልም። ሙስሊም ለሆናችሁ ደግሞ የሥጋው ጉዳይ ዓመቱን ሙሉ ነው። ሴኡል ውስጥ ኢቴዎን በተባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተ ታላቅ መስጊድ አለ፤ በዙሪያው የሐላል ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት ታገኛላችሁ። ጓደኞቻችሁን ወደዚያ ጋብዙ፤ የምትጋብዙ ስትሆኑ ምግብ መራጮቹ እናንተ ናችሁ።

ወደ ሒሳብ ልምጣ። ኮሪያ ውስጥ በተለምዶ የሚከፍለው ታላቁ ነው። አለቃው ይከፍላል፣ ከእናንተ ቀድሞ የገባው ተማሪ ይከፍላል። የኛ ልጅ ይህንን ሲያይ ሁለት ዓይነት ይሆናል። አንዱ ከሒሳብ ሠራተኛው ፊት እጅ ለእጅ ተያይዞ «እኔ ነኝ የምከፍለው» ብሎ ይታገላል፤ መርካቶ ይሠራል፣ እዚያ ግን ታላቁን ማሳፈር ነው። ሌላው አመስግኖ ይሄድና በዚያው ይቀራል። ትክክለኛው ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ምሳውን የከፈለላችሁን ሰው ወጥታችሁ ቡና ጋብዙት፤ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ተማሪ ሲመጣ ደግሞ ለሱ ምሳ ክፈሉ። የበላችሁት ወደ ኋላ አይመለስም፣ ወደ ታች ይወርዳል። ዕቁብና ዕድር ያለው ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ቁጥሩ የሚያዝበት መዝገብ የለም እንጂ ሁሉም ያስታውሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ወላጆችም ስሙኝ። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የፀረ ሙስና ሕግ አላቸው። የመንግሥት ሠራተኛን፣ መምህርንና ጋዜጠኛን ጭምር ይመለከታል፤ ጉዳይ ካለው ሰው ሊበሉት የሚችሉት ምግብ ዋጋ ሳይቀር ተወስኗል፦ መጀመሪያ 30,000 ዎን ነበር፣ በ2024 ወደ 50,000 ከፍ ብሏል። ውጤት ከሚሰጣችሁ መምህር ጋር ሲሆን ይባስ ይጠብቃል፤ ተማሪ ለመምህሩ የሚሰጠው አንድ ጣሳ ቡና እንኳ አከራክሯል። ስለዚህ እናት ሆይ፣ «ለአስተማሪህ ስጥልኝ» ብለሽ የሸማ ስጦታ ሻንጣው ውስጥ አትክተቺ። የሚበላ ነገር ከወሰደ ለቡድኑ በሙሉ ያቅርበው።

ይህ ሁሉ እየተለወጠ መሆኑንም መደበቅ አይገባም። ዛሬ በደቡብ ኮሪያ ካሉት ቤቶች ከሲሶ በላይ የሚሆነው ብቻውን የሚኖር ሰው ቤት ነው። ድሮ ለአንድ ሰው ሥጋ የማይጠብሱ ምግብ ቤቶች አሁን ለብቻ ተቀማጭ የሚሆን ጠባብ ጠረጴዛ ያዘጋጃሉ። ወጣቱ ከሥራ በኋላ የሚደረገውን የአለቃ ግብዣ ይሸሻል፤ በሱ አልፈርድበትም፣ እስከ እኩለ ሌሊት የሚጎትት ነበር። ኪምቺም ከሱፐርማርኬት የሚገዛ በዝቷል። አዲስ ቤት የገባ ሰው በቀይ ባቄላ የተሠራ የሩዝ ቂጣ ለጎረቤቱ የሚያዞርበት ልማድ በአፓርታማ ሕንፃዎች ውስጥ እየሳሳ ነው። የልደታ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲቆም ያያችሁ ይህን እኔ ላስረዳችሁ አይገባኝም። ደረጃው ላይ ስንት ሰው እናልፋለን፣ ስንቱን ቡና ጠርተነዋል?

ብቻውን መብላት የሚመርጠው ዘመን ለአዲሱ ተማሪ የራሱ ጥቅም አለው፤ እንደ ድሮው አይገደድም። ግን ሳይገደድ የሚቀመጥ ሰው ዋጋው ከፍ ይላል። በመጀመሪያው ወር ውስጥ ግብዣ ሳትጠብቁ እናንተ ጓደኞቻችሁን ጥሩ። ሽሮ ሥሩ፤ አንድ ትሪ ላይ አድርጋችሁ በእጅ እንዲበሉ አሳዩዋቸው፣ «ከፊትህ ብላ» ማለትንም አትርሱ፣ እነሱም ደንብ ይወዳሉ። ቡና ስታፈሉ ሦስተኛው ሳይደርስ አትልቀቋቸው።

ለዚህ የሚያስፈልጋችሁ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆርቆሮ ውስጥ የታሸገ የተቆላ ቡናና አንዲት ጀበና ነው፤ ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙ። ቋንታውን ግን እዚሁ ለእናቶቻችሁ ተዉላቸው፤ ሥጋና የሥጋ ውጤት ሳያሳውቁ ወደ ኮሪያ ማስገባት በገንዘብ ያስቀጣል።